አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው የሞዴል ባቡር ሰሌዳ

የመጀመሪያውን የሞዴል ባቡር መስመሬን የሠራሁት ቁም ሣጥን እንደሚሠራ ሰው ነበር። ከላይ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቺፑድ፣ ከሥሩ 5 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሞራሌ፣ እግሮቹም ጨርሶ እንዳይላቀቁ በኮላ የተጣበቁ። ርዝመቱ 1.80 ሜትር፣ ስፋቱ 75 ሳንቲ ሜትር ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ሐዲድ ዘረጋሁበት፣ ጣቢያ ሠራሁበት፣ ዛፍ ተከልሁበት። ከዚያ ክፍሉን መልቀቅ ግድ ሆነ። እግሮቹን በመጋዝ ቆርጬ፣ ሰሌዳውን ከወንድሜ ጋር በጎኑ አቁመን በበሩ ልናሾልከው ስንሞክር መቃኑ የጣቢያውን ጣሪያና አንድ ሙሉ ረድፍ የመብራት ምሰሶ ጠርጎ ወሰደ። በኋላ ስመዝነው ያለ እግሩ 24 ኪሎ ሆነ። በላዩ ይሄድ የነበረው ባቡር ከነፉርጎዎቹ ሁለት ኪሎ አይሞላም።

ከዚያ ቀን በኋላ ለራሴ አንድ መለኪያ አወጣሁ፦ እያንዳንዱን ሰሌዳ አንድ ሰው በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው እጁ በር ከፍቶ ማለፍ መቻል አለበት። ስለዚህ እንጨት ከመግዛቴ በፊት ሜትር ይዤ በሩን፣ የደረጃውን መታጠፊያና የመኪናውን ዕቃ መጫኛ ለካሁ። ከሦስቱ ጠባቡ የመኪናው ሆነ፤ 1200 በ600 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ግን በምቾት ይገባል። የሐዲዱን ዕቅድ መሳል የጀመርሁት ይህን ቁጥር ከያዝሁ በኋላ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል በመሄዴ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያሻግሩትን የሐዲድ መቀየሪያዎች ሁሉ ከሰሌዳዎቹ መጋጠሚያ አርቄ ማስቀመጥ የቻልሁት በዚህ ነው። መጋጠሚያ ላይ የወደቀ መቀየሪያ ዕድሜ ልክ የሚያስቸግር ነገር ነው።

ክብደት ለመቀነስ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሁሉን ነገር ማሳሳት ነበር። ስሕተት ነበር። አንድ የተጋደመ እንጨት ጭነትን ተቋቁሞ ያለመጉበጥ ዐቅሙ ከውፍረቱ ጋር በልኩ ያድጋል፤ ከቁመቱ ጋር ግን በኩብ ነው የሚያድገው። ቁመቱን እጥፍ ብናደርገው ስምንት እጥፍ ይጠነክራል። ይህን ካወቅሁ በኋላ የድሮውን ሞራሌ በሌላ ዐይን አየሁት። ሁለት ባለ 4 ሚሊ ሜትር የኮምፔንሳቶ ቁራጮችን 100 ሚሊ ሜትር ቁመት ሰጥቼ ጎን ለጎን ባቆማቸው፣ የእንጨቱ መጠን የሞራሌውን ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ ከመጉበጥ በኩል ግን ከሞራሌው አይተናነሱም። ቀጭን ቁራጭ ብቻውን ሲቆም ወደ ጎን ስለሚጣመም፣ ሁለቱን 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው አምስት የእንጨት ጉማጆች አራርቄ አጣበቅኋቸው። የሰሌዳው ሁለት ረጃጅም ጎኖች በሙሉ የተሠሩት እንዲህ ነው።

የማጣበቁ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል። ነጭ የእንጨት ኮላ ገና እርጥብ እንደሆነ ሞርሳ ሲጠብቅበት ጉማጁ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል፤ አንዱን አስተካክዬ ሌላውን ስይዝ የመጀመሪያው ከቦታው ሄዶ አገኘዋለሁ። መላው ቀላል ሆነ። በእያንዳንዱ ጉማጅ ፊት ላይ ሁለት ትናንሽ ምስማሮች እስከ ግማሽ መትቼ ራሳቸውን በፒንሳ ቆረጥሁት። ብቅ ያለው ሹል ኮምፔንሳቶውን ነክሶ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ሞርሳው የፈለገውን ያህል ቢጠብቅ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሌላው ጥፋቴ የመጀመሪያውን ጎን ወለል ላይ አጋድሜ ማድረቄ ነው። ወለሉ መሐሉ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነበርና እንጨቱም ያንኑ ጉድጓድ ይዞ ደረቀ፤ በማግስቱ ቀጥ ያለ ብረት ሳስጠጋበት 3 ሚሊ ሜትር ብርሃን ያሳልፋል። ኮላ እንጨቱን በያዘው ቅርጽ ነው የሚያደርቀው፤ ሊያቃናው አይችልም። የቀሩትን ሁሉ ያደረቅሁት በውሃ ልክ ባረጋገጥሁት ጠረጴዛ ላይ ነው።

የሰሌዳው ሁለት አጫጭር ጫፎች ከ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ የተቆረጡ ናቸው። እዚህ ላይ ክብደት አልሳሳሁም፤ ሰሌዳ ከሰሌዳ የሚጋጠመው፣ ብሎን የሚጠብቀው በእነሱ ላይ ነውና። በመካከል በየ300 ሚሊ ሜትሩ አንድ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ማገር ገባ፤ ማገሮቹን ከመግጠሜ በፊት ለሽቦ ማሳለፊያ ትልልቅ ቀዳዳዎች በሳሁባቸው። ክፈፉ ገና በኮላ እርጥብ ሳለ ስኳድራ በአራቱም ማዕዘን አስገብቼ ቀጥ ያለ መሰለኝ። ሁለቱን ሰያፎች ስለካ ግን አንዱ 1345፣ ሌላው 1338 ሚሊ ሜትር ሆነ። ልኩ 1342 ገደማ መሆን ነበረበት። ትንሽ ስኳድራ በትልቅ ክፈፍ ላይ ያታልላል፤ ሰያፍ ግን አያታልልም። ረጅሙን ሰያፍ ከጥግ እስከ ጥግ በገመድ ወጥሬ በእንጨት እየጠመዘዝሁ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ሳብሁት፤ እንደዚያው ታስሮ አደረ።

ለላይኛው ፊት 6 ሚሊ ሜትር የበርች ኮምፔንሳቶ መረጥሁ። ለአንዱ ሰሌዳ በምትኩ 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ጠንካራ የፖሊስቲሪን ፎም ሞክሬ ነበር፤ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ብዙም የማያልፍ፣ ወንዝና ሸለቆ በቢላዋ የሚቀረጽበት ድንቅ ነገር ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ ይሏል። ሟሟ ያለበት ኮላ ሲነካው ፎሙ እንደ ስኳር ይቀልጣል፤ ከሥሩ ደግሞ የመቀየሪያ ሞተር ልሰር ሲሉ ብሎን የሚይዝበት ሥጋ የለውም። ስለዚህ ለጣቢያው ሰሌዳ ኮምፔንሳቶ፣ ለገጠሩ ሰሌዳ ፎም ሆነ። ቫርኒሹን ከላይ ብቻ መቀባት እንደማይገባ የተማርሁት በአንዱ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ያልተቀባው ጎን እርጥበት ስቦ ሲያብጥ ፊቱ ጎበጠ። አሁን ከላይም ከሥርም፣ በተለይ በተቆረጡት ጠርዞች ላይ ሁለት ጊዜ እቀባለሁ። የተጠናቀቀው ባለ ኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ሚዛን ላይ ሲወጣ 6 ኪሎ ከ200 ግራም ሆነ።

አሁን ወደ መጋጠሚያው ልምጣ። የሥራው ሁሉ ልብ እዚህ ነው።

እኔ የምሠራው ኤችኦ በሚባለው መጠን ነው፤ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ፣ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር። በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር መፋለስ ለዐይን ምንም አይደለም። በእውነተኛ ሐዲድ ቢተረጎም ግን ከ4 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ደረጃ ነው፤ በዚያ ላይ የሚሄድ ባቡር የለም። መጀመሪያ የሠራሁት እያንዳንዱን ጫፍ ለብቻው ለክቼ፣ ምልክት አድርጌ በመብሳት ነበር። እርሳሴ ሹል ነበር፤ ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ። ሁለቱን ሰሌዳዎች ሳገናኝ ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ተፋለሱ። ሥራዬን ያሳየኋቸው አንድ በዕድሜ የገፉ አናጺ ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ዳሰው፣ «ልጄ፣ ሁለት ጊዜ የሚለካ ነገር ሁለት ልክ ነው ያለው። አፍ ለአፍ ግጠምና አንድ ጊዜ ብሳቸው» አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ክፈፎቹ ከመገጠማቸው በፊት የሁለት ጎረቤት ሰሌዳዎችን ጫፎች ፊት ለፊት አድርጌ በአራት ሞርሳ አሰርሁ፤ ቀጥ ብሎ በሚወርድ ባለ መቆሚያ መሰርሰሪያም 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ በሁለቱም ውስጥ በአንድ ጊዜ አሳለፍሁ። ከዚያ ለያይቼ አንዱን ለናስ ካስማ፣ ሌላውን ለመቀበያ ቀለበቱ በየልካቸው አሰፋኋቸው። ጫፉ ሾጠጥ ያለ ካስማ ቀለበቱ ውስጥ ሲገባ ሰሌዳው በራሱ ወደ ቦታው ይሳባል፤ መጨረሻ ላይ የምትሰማዋ ትንሽ ድምፅ ታስደስተኛለች። ሁለቱን ጫፎች የሚያጣብቁት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ግን የሚያልፉት በ10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነው፤ ሆን ብዬ ነው ያላላሁት። ብሎን መሳብ እንጂ ማስተካከል ሥራው አይደለም። ቀዳዳው ጠባብ ሆኖ ብሎኑም ማስተካከል ሲጀምር ከካስማው ጋር ይጣላል፤ አንዱም በትክክል አይዝም። በሁለቱም በኩል ሰፊ ሮንዴላ፣ በአንድ በኩል በእጅ የሚጠብቅ ክንፍ ያለው ዳዶ አደረግሁ።

ሐዲዱን በተመለከተ፣ ሰሌዳዎቹ ተጋጥመው ጠብቀው ሳሉ ሳይቆረጥ በመጋጠሚያው ላይ ማለፍ አለበት። በእያንዳንዱ ሐዲድ ሥር፣ ከጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ አንዳንድ የናስ የእንጨት ብሎን አስገባሁ። የብሎኑ ራስ የሐዲዱን ሆድ ነክቶ እስኪቆም ድረስ በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር እያዞርሁ ከፍና ዝቅ አደረግሁት። የፕላስቲክ አግዳሚዎቹን ከዚያ አካባቢ አስቀድሜ አወጣሁ፤ አለዚያ የበየዳው ሙቀት ያቀልጣቸዋል። ሐዲዱን ከናሱ ጋር በቆርቆሮ በየድሁት፤ ቀልጦ እንደ ብር የሚያብረቀርቀው ቆርቆሮ በብሎኑ ራስና በሐዲዱ መካከል ሲሰርግ አየሁ። ከቀዘቀዘ በኋላ እጅግ ቀጭን በሆነ መጋዝ ሐዲዱን ልክ በሰሌዳዎቹ መጋጠሚያ ላይ ቆረጥሁት። የተቆረጡት ሁለት ጫፎች ከአንድ ሐዲድ የወጡ ስለሆኑ ተመልሰው ሲገናኙ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። በብረት ሥራ የተማረ ሰው ይህን አሳጥሮ ይሠራው ይሆናል፤ እኔ ግን ለአንዱ መጋጠሚያ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሰጠሁ፤ አልቆጨኝም።

ለእግሮቹ ከፍታ ከፍሬሞ ልምድ ወሰድሁ። ፍሬሞ በ1981 በጀርመን የተመሠረተ የሞዴል ባቡር ወዳጆች ማኅበር ነው፤ የተለያዩ ሰዎች በየቤታቸው የሠሯቸው ሰሌዳዎች እንዲገጣጠሙ የሐዲዱ ከፍታ ከወለል 1300 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ደንግጓል። የጫፎቹን ቅርጽ አልተከተልሁም፤ ከፍታውን ግን ወደድሁት። ሰው ቆሞ ሲያይ ባቡሩን ከሰማይ ሳይሆን ከጎኑ ያየዋል። ችግሩ እግር በረዘመ ቁጥር መወዛወዙ ነው።

መጀመሪያ እግሮቹን በማጠፊያ ከሰሌዳው ጋር አያያዝኋቸው። ሲታጠፉ ደስ ይሉ ነበር። ነገር ግን የእግሩን ክብደት ሁልጊዜ ከሰሌዳው ጋር እሸከማለሁ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም የማጠፊያዎቹ ብሎኖች ስሱን ኮምፔንሳቶ እየቦጨቁ ወጡ። ትቼ ሌላ ሠራሁ። አሁን ሁለት እግሮች በሁለት አግዳሚና በአንድ ሰያፍ ተያይዘው አንድ ክፈፍ ይሆናሉ፤ የእግሮቹ ራስ ከሰሌዳው ሥር በተሠራ ኪስ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያው ሰሌዳ በሁለት ክፈፍ ይቆማል፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ግን አንዱን ጫፍ በጎረቤቱ ላይ አሳርፎ በአንድ ክፈፍ ብቻ ይቆማል። ለአራቱ ሰሌዳዎች ስምንት ክፈፍ ሳይሆን አምስት በቃ። በርዝመቱ በኩል የሚመጣውን መወዛወዝ የገደልሁት ከእግሩ ታችኛው ክፍል ተነሥቶ ወደ ሰሌዳው መሐል በሚወጣ ቀጭን ደጋፊ እንጨት ነው። ይህን ደጋፊ ከማስገባቴ በፊት በክርን ስነካው የሚርገበገብ ነገር፣ ካስገባሁ በኋላ እንደ ግድግዳ ቆመ።

ወለል ሁሉ እኩል ስላልሆነ ከእያንዳንዱ እግር ሥር ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚገባበት ጥርስ ያለው ዳዶ ቀበርሁ፤ ብሎኑ ሲዞር እግሩ እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የመጀመሪያውን ዳዶ በመዶሻ ስመታው እግሩ ከሥሩ ተሰነጠቀ። የቀሩትን የእግሩን ጫፍ በሞርሳ አቅፌ፣ ዳዶውን በሌላ ሞርሳ ቀስ እያልሁ ተጭኜ አስገባኋቸው፤ አንድም አልተሰነጠቀም።

የሽቦው ነገር አጭር ነው፦ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ አንድ ሶኬት፣ በሁሉም ሰሌዳ ላይ ያው ቀለም ለያው ሥራ። ሰሌዳው ቀላል ስለሆነ ሽቦ ስሠራ በጎኑ አቁሜው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፤ ተንጋልዬ በየዳ የሚንጠባጠብብኝ ዘመን አልፏል። ለጉዞ ሁለት ሰሌዳዎች ፊት ለፊት ተደርገው በሁለቱም ጫፍ በኮምፔንሳቶ ይያያዛሉና ሣጥን ይሆናሉ፤ የጫፉ ቁመት ከሁለቱ ረጃጅም ሕንፃዎች ድምር በ30 ሚሊ ሜትር ይበልጣል።

ብቻዬን ከመኪናው አውጥቼ የመጀመሪያው ባቡር እስኪሄድ ድረስ አርባ ደቂቃ ይፈጅብኛል። የቀረኝ አንድ ጉድለት አለ። ጫፎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጌ ስለበሳኋቸው ሁለተኛው ከሦስተኛው እንጂ ከአራተኛው ጋር አይገጥምም፤ የሰሌዳዎቹ ቅደም ተከተል አይለወጥም። ለአምስተኛው ሰሌዳ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ብረት መብሻ ልክ አስቆርጬ፣ ጫፎቹን ሁሉ በእሱ በኩል ልበሳ ነው። የአራተኛውም አንዱ ጫፍ ተነሥቶ በአዲስ መልክ መሠራት አለበት፤ ዛሬ ጠዋት ሐዲዱን ከላዩ ማንሣት ጀምሬአለሁ።