ማኅተሙ ማን ጋ ነው?

አስመራጭ ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት ላፕቶፕ ስላለኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለም። ስብሰባው ላይ አንዱ "ይሄ ልጅ ይጽፋል" አለ፣ ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አለቀ።

የፓርቲያችንን ስም አልጠራም። ሰዎቹ አሉ፣ ባሕር ዳርም እንደምታውቋት ናት፤ ሽምብጥ ላይ ስታስነጥስ ፔዳ ላይ ይማርህ ትባላለህ። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተደረገው ምርጫ አንድም ወንበር አላገኘንም። ከዚያ ወዲህ ቅርንጫፋችን አንድ ሐሙስ የቀረው ሆኖ ከረመ። የቢሮ ኪራይ ውዝፍ ነው። ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው አምስት ሰው ነው። ሊቀመንበሩ በቃኝ አላሉም፣ ግን አይመጡም። በ2014 ግንቦት ላይ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ፤ በአንድ ወር ውስጥ አዲስ ሊቀመንበር መርጣችሁ ቃለ ጉባዔውን ላኩ የሚል። እጩዎቹ ሁለት ሆኑ፤ አንድ ጡረታ የወጡ መምህርና አንድ ወጣት ጠበቃ። ኮሚቴው ደግሞ ሦስት ሰው ነበር፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቀድሞ ሠራተኛ የሆኑ ጋሼ፣ ገበያው አጠገብ ቡና የሚያፈሉ እትዬ፣ እና ባለላፕቶፑ።

እኔ መጀመሪያ የመሰለኝ ከባዱ ነገር የምርጫው ቀን ነው። ተሳስቻለሁ። ከባዱ ዝርዝሩ ነው።

መዝገባችን ላይ 312 አባላት ነበሩ። ለምን እንደበዛ ታውቃላችሁ። አዋጅ 1162/2011 አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመዝገብ 10,000፣ ለክልል ፓርቲ 4,000 መሥራች አባላት ይጠይቃል። ስለዚህ በዚያን ሰሞን ሁሉም ፓርቲ ስም ለቀማ ላይ ነበር። የአክስት ልጅ ይፈርማል፣ ጎረቤት ይፈርማል፣ ባጃጅ ውስጥ የተገናኘኸው ሰው ሳይቀር ይፈርማል። ፊርማው ይሰበሰባል፣ ሰውየው ይረሳል። መሪ መምረጥ ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ስም ተነስቶ "እኔስ?" ይላል። በተለይ ምልዓተ ጉባዔው ግማሽ ሲደመር አንድ ከሆነ። የ312 ግማሽ ሲደመር አንድ 157 ነው። 157 ሰው እኛ ቅርንጫፍ ውስጥ ለሠርግም አይሰበሰብ።

ስድስት ምሽት ሙሉ ጣና ዳር ተቀምጬ ደወልኩ። አንድ ማኪያቶ አዝዤ ሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ፣ አስተናጋጇ በመጨረሻ ታዝባኝ ሳልጠራት መምጣት ተወች። ዝግ ስልክ፣ የተሳሳተ ቁጥር፣ "የምን ፓርቲ?" የሚል ሰው፣ "እባክህ ሁለተኛ እንዳትደውል" የሚል ሰው። አንዱ ጋ ስደውል ሴት አነሳች። የባሏን ስም ጠርቼ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለችና "እሱማ ካረፈ ዓመት አለፈው" አለችኝ። ይቅርታ ብዬ ልዘጋ ስል "ያልከፈለው መዋጮ አለ እንዴ? ካለ እኔ እከፍላለሁ፣ የሰው ዕዳ እንዲቀርበት አልፈልግም" አለች። የለም አልኳት። መዝገቡ ላይ የ14 ወር ነበረ። ሰረዝኩት።

ደንባችን አንድ ዓመት መዋጮ ያልከፈለ አባል ድምፅ የለውም ይላል። ቃሉን ይዘን እንሂድ ብንል ሁለቱም እጩዎች ደጋፊ ያጣሉ፣ ራሳቸው መምህሩም ውዝፍ ዕዳ ነበረባቸው። ስለዚህ የመክፈያ የመጨረሻ ቀን ቆረጥን። እስከዚያ ቀን የከፈለ ይመርጣል፣ ያልከፈለ ከመዝገብ ይወጣል፣ ምልዓተ ጉባዔውም ከቀረው ላይ ይሰላል። ሁለቱም እጩዎች ፈረሙበት። እስከዚህ ጥሩ ሠርቻለሁ ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ሞኝነቴ መጣ። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የጠበቃው ደጋፊ ፖስታ ይዞ መጣ። ውስጡ የ23 ሰው መዋጮ፣ ከስም ዝርዝር ጋር። ተቀበልኩት፣ 23 ደረሰኝ ቆረጥኩ፣ እጄን ደከመኝ ብዬ ተነጫነጭኩ እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም። ማታ እትዬ ዝርዝሩን አይተው "አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ድምፅ መግዛት ነው" አሉኝ። በማግስቱ መምህሩ ሰሙ። ዱላ ቀረሽ ጭቅጭቅ ሆነ። በመጨረሻ 23ቱ መታወቂያ ይዘው በአካል ይምጡ አልን፣ 15ቱ መጡ፣ ስምንቱ ቀሩ። ጠቅላላው 88 ሆነ። ገንዘብ በአካል ከመጣ ሰው ብቻ መቀበል እንዳለብኝ አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን ባዶ ካዝና ፊት ቆሞ ፖስታ መመለስ እንዴት ይከብድ እንደነበር እግዜር ያውቃል።

አዳራሹን በአጭሩ ልለፈው። አዋጅ 3/1983 ለሰልፍ የሚጠይቀው የ48 ሰዓት ማሳወቂያ እንጂ ፈቃድ አይደለም፣ ይህን ግን ለአዳራሽ አከራይ አስረዳው። ፓርቲ ሲሰማ አዳራሹ ወዲያው ሠርግ ይያዝለታል። አምስተኛው ሰውዬ ተገኙ፤ ሐይቁ ዳር ያለ የዓሳ ምግብ ቤት፣ ከጀርባው ዳስ አለው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስቀመጡ፤ ሁሉም ሰው ምሳ እዚሁ ይብላ።

አሁን ወደ ማኅተሙ።

በእኛ አገር ፓርቲ ሲከፋፈል መጀመሪያ የሚጠፋው ማኅተሙ ነው። ቅንጅት በ1997 የአዲስ አበባን ምክር ቤት ከ138 ወንበር 137ቱን ወስዶ ነበር፤ ኋላ ስሙ ራሱ ከሌላ ቡድን እጅ ገባ። አንድነት ፓርቲም በጥር 2007 ምርጫ ቦርድ ለአንደኛው ወገን እውቅና ሲሰጥ ከሌላው ወገን ብዙዎቹ ወደ ሰማያዊ ፓርቲ ሄዱ። ሕዝቡ ማን ጋ ነው የሚለው አይደለም ጥያቄው። ማኅተምና ቲተሩ ማን ጋ ነው?

የእኛ ያለው ሊቀመንበሩ ቤት ነበር። ስልክ አያነሱም። ወጣቶቹ "አዲስ እናስቀርጽ" አሉ። ጋሼ ተቆጡ። "አዲስ ካስቀረጻችሁ ሁለት ፓርቲ ሆናችሁ ማለት ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሦስታችን ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ሄድን። ሁለት ኪሎ ስኳር ይዘን፣ እንደ ሽማግሌ።

ባለቤታቸው ቡና አፈሉ። በአቦሉ ስለ ልጆች ተወራ። በቶናው ስለ እምቦጭ፤ ሐይቁን እንዴት እንደበላው፣ ዓሳ እንዴት እንደተወደደ። እኔ በየመሐሉ ላነሳው እልና ጋሼ በዓይናቸው ይይዙኛል። በረካው ሲቀዳ ሊቀመንበሩ ራሳቸው "ለማኅተሙ ነው የመጣችሁት" አሉ። ከዚያ በኋላ ያሉት ነገር ግን የጠበቅነው አልነበረም። ከምርጫው በኋላ የሰባት ወር የቢሮ ኪራይ የከፈሉት ከኪሳቸው ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም፣ ማንም አላመሰገናቸውም፣ እንዲያውም ወጣቶቹ ጀርባቸውን ሲያዩ "ገንዘቡን በላው" ይላሉ። "እኔ ብሩን መልሱ አላልኩም። ከፍሏል የምትል አንድ ወረቀት ስጡኝ" አሉ።

አንድ ወረቀት! ዓመት ሙሉ ሰውየው ወንበር ይወዳሉ እያልን ስናማቸው የከረምነው ለአንድ ደረሰኝ ነው። እዚያው ቁጭ ብለን የርክክብ ሰነድ ጻፍኩ። የከፈሉት ብር በአኃዝና በፊደል ሰፈረ፣ ሦስታችንም ፈረምን። ተነስተው ከቁም ሳጥኑ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አወጡ። ማኅተሙ በፌስታል ተጠቅልሎ ከውስጡ ወጣ። የማኅተም ቀለሙ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እትዬ ወደ ቤት ስንመለስ ፌስታሉን ከነጠላቸው ስር ይዘውት ሄዱ፣ ባጃጁ ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ማኅተሙን የፈለግነው ለቃለ ጉባዔው ብቻ አይደለም። ድምፅ መስጫ ወረቀቱን ያባዛነው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፣ ማንም ሰው ጥቂት ብር ከፍሎ አሥር ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወረቀት ጀርባው ላይ ይመታ አልን። ዋዜማው ማታ በደረቀው ቀለም ላይ ውሃ ጠብ እያደረግን 88 ጊዜ መታን።

ምልክትም ነበረ፤ ጠበቃው ታንኳ፣ መምህሩ ጀበና። የመምህሩ ሰዎች ወዲያው "ታንኳ እኮ ውሃ ይጠጣል፣ ካላደረቁት ይሰምጣል" ማለት ጀመሩ። የእነዚያ መልስ ደግሞ "ጀበናም ካልተጣደ ባዶ ሸክላ ነው"። ከጠቅላላው ዘመቻ የማስታውሰው ይህን ነው። ስለ ፖሊሲ ማን ምን እንዳለ ብትጠይቁኝ አላውቅም፣ እና ይሄ ትንሽ ያሳፍረኛል።

እሑድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ 71 ሰው መጣ። ምልዓተ ጉባዔ ሞላ። ሽማግሌዎቹ እጅ በማውጣት ይሁን አሉ፣ "ምን የሚደበቅ አለ" ብለው። የሚደበቅማ አለ፤ ግማሹ ሰው ከመምህሩ የተማረ ነው፣ ፊት ለፊታቸው እጁን ለሌላ የሚያወጣው ማን ነው? ኮሮጆው የእትዬ የቡና ካርቶን ነበር፣ ከላይ በቢላ ተበስቶ በፕላስተር የታሸገ።

ስንቆጥር ታንኳ 34፣ ጀበና 33፣ አራት ወረቀት ደግሞ ችግር ያለበት። አንዱ ባዶ። አንዱ ሁለቱም ላይ ምልክት። አንዱ ላይ በቆንጆ እጅ ጽሑፍ "እግዚአብሔር ይምረጥ" ይላል። አራተኛው ላይ ደግሞ የራይት ምልክቱ ከሳጥኑ ወጥቶ ጀበናው አንገት ላይ አርፏል። ይቆጠር ከተባለ እኩል ይሆናሉ። አይቆጠር ከተባለ ጠበቃው አሸነፈ። ወረቀቱን ሳናይ በፊት ምን ዓይነት ወረቀት ዋጋ የለውም እንደሚባል ጽፈን ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ካየን በኋላ ግን ማንኛውም ሕግ ለአንዱ የተሠራ ሕግ ነው። ሰባ ሰው አንዲት ወረቀት ከቦ፣ አንዱ መነጽሩን ለሌላው እያዋሰ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሟገተ። ምሳው ቀዘቀዘ። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ መጥተው "ጉላሹ" ብለው ተመለሱ።

በመጨረሻ ሦስታችን ገለል ብለን ድምፅ ሰጠን። ሁለት ለአንድ፣ ይቆጠር። ብቻዬን የቀረሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ እኩል ሆኑ፣ ድጋሚ ይመረጥ ተባለ። እዚህ ጋ ነው ዛሬም የሚቆጨኝ። የዘጌ አባሎቻችን በጀልባ ነው የመጡት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጣና ቀልድ አያውቅም፣ ጀልባውም ሰው አይጠብቅም። ክርክሩ ሲረዝም አንድ በአንድ እየተነሱ ወጥተዋል። መምህሩ ደግሞ ዘጌ አስተምረዋል። ድጋሚ ስንቆጥር መራጩ 58 ነው፤ ታንኳ 31፣ ጀበና 27።

ለአንድነት ሲባል ቁጥሩ አይነገር፣ አሸናፊው ብቻ ይነገር የሚሉ ነበሩ። እምቢ አልኩ። በመጋቢት 2010 የኢሕአዴግ ምክር ቤት ያን ያህል ቀን በር ዘግቶ ተሰብስቦ እንኳ አዲሱ ሊቀመንበር ዐቢይ አሕመድ 108 ድምፅ ማግኘታቸውን አገሩ ሁሉ ሰምቷል፣ እኛ 58 ሰዎች ምን የምንደብቀው አለ? ቁጥሩን አነበብኩ። የሄዱትን 13 ሰዎችም አነበብኩ። መምህሩ ተነሱና ቅሬታቸው ቃለ ጉባዔው ላይ እንዲሰፍር ጠየቁ፣ እሳቸው እያሉ እኔ ቃል በቃል ጻፍኩ፣ ከዚያ ጠበቃውን ጨብጠው ወጡ። ዘጠኝ ሰው ተከትሏቸው ወጣ። ስድስቱ በኋላ ተመልሰዋል። መምህሩ አልተመለሱም፣ ግን መንገድ ላይ ስንገናኝ "እንዴት ነህ ልጄ" ይሉኛል፣ ቅሬታዬን አሳጥረህ አልጻፍክም ይሉኛል። ጀልባው ስንት ሰዓት እንደሚመለስ አስቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ብዬ ስንት ቀን አስቤያለሁ መሰላችሁ።

ቃለ ጉባዔውን፣ የተሰብሳቢዎቹን ፊርማና ቅሬታውን አንድ ላይ አድርገን ወደ አዲስ አበባ ላክን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ምርጫው አይደለም የተመለሰበት ምክንያት፣ ቅሬታውም አይደለም። "ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው ማኅተም አይነበብም፣ በድጋሚ ተመቶ ይላክ" ይላል።

ፔዳ አካባቢ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አዲስ የማኅተም ቀለም ገዛሁ። ከኪሴ። ልጁ ዕቃውን ሰጥቶኝ ወደ ሌላ ደንበኛ ሲዞር ጠርቼ ደረሰኝ አስቆረጥኩት።