ቀለበቷን ያገኘሁት በሁለተኛው ማሽን ነው

አክስቴ የጋብቻ ቀለበቷን የጣለችው ጓሮ ስታርም ነው። ቤቷ ከጅማ ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ጓሮዋ ግማሹ እንሰት፣ ግማሹ ቡና። ሦስት ቀን አፈሩን በእጃችን ስናበጥር ከረምን። በአራተኛው ቀን እኔ ሞኙ «ማሽን ገዝቼ አገኝልሻለሁ» አልኳት። ገንዘቤን የበላችው ያቺ ቃል ናት።

ስለ ብረት መፈለጊያ የማውቀው ባንክ በር ላይ ጥበቃው ወገቤ ዙሪያ የሚያዞራትን ብቻ ነበር። ስለዚህ ርካሹን ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ «እስከ ሁለት ሜትር» የሚል ተጽፎበታል። ሻጩ የአንገት ሐብሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የማሽኗ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችውን ሳህን ሲያሳልፍበት ጢው አለች። በቃ፣ አለቀልኝ።

ጓሮ ስደርስ ጉድ ፈላ። ሳህኗን ወደ መሬት ዝቅ ሳደርጋት ትጮኻለች። ከፍ ሳደርጋት ዝም። እንሰቱ ሥር ጩኸት፣ ቡናው ሥር ጩኸት፣ ባዶ መንገድ ላይ ጩኸት። የመጀመሪያው ቀን ጩኸት ግማሹ የእኔው ጥፋት እንደነበር በኋላ ነው የገባኝ፤ ጫፉ ላይ ብረት ያለበት የሥራ ጫማ አድርጌ ነበር። ጫማውን ቀየርኩ፣ ስልኬንም ከኪሴ አውጥቼ አስቀመጥኩ። አሁንም ትጮኻለች። ምን ያህል ደካማ ምልክት እንደምትሰማ የሚወስነውን ማዞሪያዋን ስቀንሰው ጸጥ አለች፤ ግን ያኔ የራሴን ቀለበት ሣር ላይ ብጥልላት እንኳ አትሰማም።

ጥፋተኛው አፈሩ ነበር። የጅማ አፈር ቀይ የሆነው በውስጡ ባለው የብረት ማዕድን ነው፤ ሚስማር ላይ የምናየው ዝገት የቅርብ ዘመዱ ነው። ሳህኗ ውስጥ የተጠቀለለው የመዳብ ሽቦ መግነጢሳዊ ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፤ ብረት፣ ብር ወይም ወርቅ ሲያገኝ መልስ ይመለሳል። እዚህ ግን አፈሩ ራሱ ይመልሳል። በገበያ ቀን መርካቶ መሀል ቆሞ በሹክሹክታ ማውራት በሉት። ሻጩ ጠረጴዛ ላይ ያሳየኝ ሙከራ ታዲያ ምን ነበር? ጠረጴዛ አፈር የለውም።

ለካ መጠየቅ የነበረብኝ «ስንት ሜትር ያያል?» ብዬ ሳይሆን «ከአፈሩ ጋር ይስማማል ወይ?» ብዬ ነበር። አንዳንዱ ማሽን ፋብሪካ ውስጥ ለመካከለኛ አፈር ተስተካክሎ ተቆልፎ ይመጣል። አንዳንዱ ደግሞ ቁልፍ ተጭነህ ሳህኑን መሬት ላይ ከፍ ዝቅ ስታደርገው የአፈሩን ድምፅ ለይቶ ይተወዋል። ጅማ ላለ ሰው ሁለተኛው ነው የሚያዋጣው። ስለ ጥልቀትም ሳንዋሽ እንነጋገር። ለጀማሪ በሚሆን ማሽን አንድ ሳንቲም ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ሳንቲ ሜትር ከተገኘ ጥሩ ነው። ሁለት ሜትር የሚለው ምናልባት ለመኪና ይሆናል።

የአጎቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ የቱርኩን ኖክታ ሲምፕሌክስ ፕላስ አመጣልኝ። የሚልከው ሞገድ አሥራ ሁለት ኪሎ ኸርዝ ነው፣ ከአፈሩ ጋር ይስማማል፣ ዝናብም አይፈራም። የሳህኑ ሽቦ ሁለት ዲ ጀርባ ለጀርባ የተደራረቡ በሚመስል መልክ የተሠራ ነው፤ እንዲህ ያለው ብረት በበዛበት አፈር ላይ ከክቡ ይሻላል ይባላል፣ እኔም አይቼዋለሁ። ባትሪው ውስጡ ነው፣ በዩኤስቢ ይሞላል። መብራት ሲጠፋ ፓወርባንክ ያድነኛል። አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ነው፤ ሁለት ሰዓት ስታወዛውዘው ክንድህ ይነግርሃል።

ወዲያው ፍለጋ አልገባሁም። ከበፊቱ ትንሽ ተምሬያለሁ። አጥሩ ሥር አንድ ክንድ እየተራራቁ አራት ነገር ቀበርኩ፦ የአንድ ብር ሳንቲም፣ ቆርኪ፣ የጣሪያ ሚስማር፣ እናቴን ለምኜ የተዋስኩትን የወርቅ ቀለበት። ቀለበቱ ላይ ቀይ ክር አስሬ ጫፉን ከአፈር በላይ ተውኩት፤ ሁለተኛ ቀለበት ቢጠፋባቸው ከቤተሰቡ እባረር ነበር። ሳምንት ሙሉ ድምፁን ብቻ ሳዳምጥ ሰነበትኩ። ሚስማሩ ወፍራም፣ የተቆራረጠ ድምፅ ይሰጣል። ብሩ ጥርት ያለ ነው። ቆርኪ ግን ሌባ ነው፤ አንዴ ሚስማር፣ አንዴ ሳንቲም ይመስላል። የወርቁ ቀለበት ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያወጣው ቁጥር ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ካለው ብልጭልጭ ወረቀት ጋር እኩል ነው። ይህን ልብ አላልኩትም። ዋጋ አስከፍሎኛል።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ሀጂ አጥር ላይ ተደግፈው «ልጄ፣ ጠገራ ብር ነው የምትፈልገው?» አሉኝ። ወሬው ሰፈሩን ዞሯል ማለት ነው። አይፈረድባቸውም። የሂርማታ ገበያ የአባ ጅፋር ዘመን ንግድ መናኸሪያ ነበር፣ በእጅ የሚዞረውም ጠገራ ነው። ሃያ ስምንት ግራም የሚመዝን ብር፤ መቼም ይመታ መቼ፣ ላዩ ላይ 1780 ነው የሚለው። ገንቦ ሙሉ ተቀብሯል የሚባል ወሬ የሌለበት ሰፈር የለም። እኔ ግን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ማሽኑን ይዤ አልታይም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ መፈለግ አይቻልም፣ በአጋጣሚ የተገኘም ለሚመለከተው አካል ይነገራል። ለሀጂ እንዲህ ብዬ ሳስረዳቸው «እሺ፣ ሹካና ማንኪያ ፈልግ» ብለው ሳቁብኝ።

እውነት ነበራቸው። ከአክስቴ ጓሮ ያወጣሁት አንድ ማንኪያ፣ አምስት የባትሪ ድንጋይ፣ ቆርቆሮ፣ የቆርኪ መዓት፣ አንድ የ1936 ባለ አምስት ሳንቲም መዳብ። ስቆፍርም ክብ አድርጌ ሣሩን እንደ ክዳን አነሳለሁ፣ መልሼ እከድናለሁ። የቡና ሥር ላይ ላዩን ነው የሚሄደው፤ በአካፋ ብትገባበት አክስቴ አንተን ነው የምትቀብረው።

ቀለበቷስ? ሁለት ቀን አልፌባታለሁ። ከአንድ እንሰት ሥር ያቺው የወረቀቷ ቁጥር በወጣች ቁጥር «አይ፣ ፓኮ ነው» እያልኩ። ሦስተኛው ቀን ሌላ የቀረ ድምፅ ስላልነበረ ብቻ ቆፈርኩ። አራት ጣት የማይሞላ ጥልቀት። ጭቃውን በአውራ ጣቴ ስጠርገው ቢጫ መስመር ታየኝ። አክስቴ እልል ስትል ሀጂ እየሮጡ መጡ።

ቀለበቷን አገላብጠው አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲህ ና፣» አሉ፣ «የውሃ መዝጊያዬን አስፋልት ከተሠራ ጀምሮ አላየሁትም።»