ለአምስት ዓመት ልጅ የሒሳብ መጽሐፍ መምረጥ

ዛሬ ሙሉ ቀን የሒሳብ መጽሐፍ ሳማርጥ ዋልኩ። እዚህ ቨርጂኒያ ልጁን ቤት የሚያስተምር ወላጅ እስከ ኦገስት 15 ለወረዳው ትምህርት ቢሮ ማሳወቅ አለበት። ወረቀቱ ቀላል ነው፤ ራስ የሚያዞረው ምርጫው ነው።

ሳክሰን የሚባለው የሒሳብ መጽሐፍ ሁሉን ነገር ይነግራችኋል፤ አስተማሪዋ የምትናገረውን ሳይቀር። ለእኔ ጠባይ አይሆንም። ማዝ ዩ ሲ የሚባለው ሌላው ደግሞ በቀለም የተለዩ ብሎኮችና ቪዲዮ አለው፤ እሱ ደህና ነው።

ልቤ ያረፈው ግን በሲንጋፖር ዘዴ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ዕቃውን በእጇ ትነካለች፣ ቀጥሎ ሥዕሉን ታያለች፣ ቁጥሩ በመጨረሻ ይመጣል። ለአምስት ዓመት ልጅ «7» ተብሎ የተጻፈ ነገር ምኗ ነው? ሰባት የሽንብራ ቆሎ ስጧት፤ አምስትና ሁለት፣ አራትና ሦስት እያደረገች ትከፍልላችኋለች። (አንዷን ከበላቻት መቀነስም ገባ ማለት ነው!)

ስለዚህ የሚሸጡትን የፕላስቲክ መቁጠሪያ ድቦች አልገዛም። ቤቱ ሙሉ ሽንብራና ባቄላ እያለ? መልመጃ ደብተሩን ብቻ አዘዝኩ። እስኪመጣ ካን አካዳሚ ኪድስ የሚባለው የልጆች መማሪያ መተግበሪያ በነፃ አለ፤ ስልኩን መልሶ መቀበሉ ነው ጦርነቱ።

ቤት የምታስተምሩ እናቶችና አባቶች፣ እናንተ በምን ጀመራችሁ? ያገለገለ መጽሐፍ ያለውም በውስጥ መስመር ያናግረኝ።