ሰማያዊዋ ሙሽራ

ነገሩ የሆነው የፒያሳ ሱቆች ከመፍረሳቸው በፊት ነው። ዕቁብ በወጣልኝ ሳምንት ወደዚያ ወርጄ አንድ ያገለገለ 50 ሚሊሜትር ሌንስና አንድ አዲስ የቻይና ፍላሽ ገዝቼ ተመለስኩ። ካሜራዬ ካኖን 700ዲ ነው፤ እሱንም ወደ ውጭ ከሚሄድ ጓደኛዬ ላይ በሁለት ጊዜ ክፍያ ነው የወሰድኩት። ከሰኞ እስከ ዓርብ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እመዘግባለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አዲሱ ገበያ ያለ አንድ ፎቶ ቤት እላላካለሁ። መብራት መሸከም፣ ባትሪ ቻርጅ ማድረግ፣ የቬሎውን ጫፍ ከጭቃ ማንሳት። የፎቶ ቤቱን ባለቤት ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። የሚሰጡኝ የምሳና የታክሲ ብቻ ቢሆንም ቅር ብሎኝ አያውቅም ነበር። ፍላሹን የገዛሁ ዕለት ግን መላላኩ አነሰኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሰርጉ ይደራረባል። አንድ እሁድ ጋሼ ሁለት ሥራ ተደረበባቸውና የሱሉልታውን መልስ «አንተ ያዘው» አሉኝ።

«ብቻዬን?»

«ከድንኳን አይወጣም፤ ምን ያስፈራሃል? ብቻ መጀመሪያ ቆመህ ቤቱን እየው።»

እኔ የሰማሁት «ያዘው» የሚለውን ብቻ ነበር።

ሚኒባሱ ባሕር ዛፉን አልፎ ሜዳው ላይ እስኪወርድ ድረስ ስልኬ ላይ ያወረድኳቸውን ቪዲዮዎች ደግሜ አየሁ። አስተማሪው ፈረንጅ ነው፤ አነጋገሩ የሚጥም፣ ሥራው ጥንቅቅ ያለ። «ፍላሽ ሰው ፊት ላይ አታነጣጥሩ፤ ወደ ጣሪያ አዙሩት፤ ብርሃኑ ተመልሶ ለስልሶ ይወርዳል» ይላል። እውነቱን ነው። እሱ የቆመበት ክፍል ጣሪያ ነጭ መሆኑን ልብ ያላልኩት እኔ ነኝ።

ሱሉልታ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። የኪራይ ድንኳን ነው፤ ጣሪያው ሰማያዊ ሸራ፣ በአንድ በኩል ወደ ግቢው ክፍት። ሰዓቱ ስድስት ተኩል። ሚያዝያ ላይ እኛ አገር እኩለ ቀን ማለት ፀሐይ አናት ላይ ልክ እንደ ቱምቢ ስትንጠለጠል ነው። ያ ሁሉ ብርሃን በሸራው ውስጥ እያለፈ ይወርዳል። ጠረጴዛው፣ ድፎ ዳቦው፣ የጠላው ብርጭቆ ሁሉ ሰማያዊ ነው። እኔ ግን አላየሁትም። ዓይን ተንኮለኛ ናት፤ ሰማያዊ ቤት ውስጥ አምስት ደቂቃ ከቆየች ነጩን ነጭ ብላ ትነግርሃለች። የካሜራው ስክሪንም እዚያው ድንኳን ውስጥ ሆኜ ሳየው ደህና መሰለኝ።

ፍላሹን ወደ ላይ አዞርኩና መተኮስ ጀመርኩ። ሙሽሮቹ ካባቸውን ደርበው ሲገቡ፣ እናት ስትስም፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ። ብርሃኑ እውነትም ለስላሳ ነበር። ከላይ ግን የሚመለሰው ሰማያዊ ሸራ ነክቶ ነው፤ ለስላሳና ሰማያዊ።

ሽማግሌዎቹ በረድፍ ሲቀመጡ ደግሞ ሌላ ጉድ። ሁሉም ጋቢና ነጠላ ለብሰዋል። የካሜራው መለኪያ ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ የሚያስብ ዕቃ ነው፤ አሥራ ሁለት ነጭ ጋቢ ሲያይ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል። ጋቢው ግራጫ ሆነ፤ የሽማግሌዎቹ ፊት ጠቁሮ ዓይናቸው ጠፋ። መፍትሔው አንድ ጣት ነው፤ የኤክስፖዠር ማስተካከያውን ወደ ፕላስ 1 መግፋት። ሚዜዎቹ ጥቁር ሱፍ ለብሰው ሲደረደሩ ደግሞ ተቃራኒው፣ ወደ ማይነስ። ነጠላ በሚለበስበት አገር ካሜራ የያዘ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ይህ ይመስለኛል። በየቪዲዮው ግን አይነገርም፤ እነሱ ዘንድ ነጭ የምትለብሰው ሙሽራዋ ብቻ ናት።

የቤተሰቡን ፎቶ ውጭ ፀሐይ ላይ አደረግነው። የዓይናቸው ጉድጓድ በጥላ ተሞላ። እሱን ላብራ ብዬ ፍላሹን ፊት ለፊት አደረግኩ፤ ብርሃኑ በዛብኝ ብዬ ሻተሩን፣ ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራውን መዝጊያ፣ 1/500 ሴኮንድ ላይ አስገባሁ። ከፎቶው ሥር አንድ ሦስተኛው ጥቁር መጋረጃ ወረደበት። ምን እንደሆነ ሳይገባኝ «ካሜራው ሞቆት ነው» ብዬ ለራሴ አስረዳሁ።

ሰኞ ማታ ጋሼ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፈቱት። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት።

«ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው?»

«ድንኳኑ…» አልኩ፤ አፌ ደርቋል።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ብርቱካናማ እየጨመሩ ቀለሙን ሊመልሱት ሞከሩ። በክፍቱ በኩል የነበረው የሙሽራዋ ጉንጭ የቀን ብርሃን ነበረው፤ በሌላው በኩል ያለው ከሸራው የወረደው ነው። ሰማያዊውን ጉንጭ ሲያስተካክሉት ደህናው ጉንጭ ካሮት ይሆናል። ደህናውን ሲመልሱ ያኛው ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ ሜሞሪዬ እንዳይሞላ ብዬ በጄፔግ፣ ካሜራው ራሱ አጭቆ በሚያስቀምጠው ፋይል፣ ነው ያነሳሁት። በሮው፣ ባልታጨቀው ጥሬ ፋይል፣ ቢሆን ከፊሉን እናድነው ነበር፤ ሁለት ቀለም ያለውን ፊት ግን ሮውም ሙሉ በሙሉ አያድነውም። በመጨረሻ የተሻሉትን ጥቁርና ነጭ አደረጓቸው። ለእኔ ያምሩ ነበር።

የሙሽራዋ እናት ረቡዕ መጡ። መጀመሪያ ቀለም ያለውን አዩ። «ልጄን ሬሳ አስመሰላችኋት!» ጋሼ ጥቁርና ነጩን አስጠጉላቸው። እትዬ ገጽ ገልብጠው፣ ገልብጠው፣ ቀና አሉ። «ይኼ ለመልስ ነው ለተዝካር?»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ጋሼ ብቻ አልተቆጡም። «ልክ ነዎት እትዬ። እሁድ ቤትዎ እንመጣለን። ሙሽራዋ ካባዋን ትልበስ፤ ሳንቲም አንጠይቅም» አሉ። እናትየው ሲወጡ ጋሼ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ፍላሹን ሰጠኋቸው፤ መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። «አንድ ወር።»

ስለ ጥቁሩ መጋረጃ የነገሩኝ ያን ዕለት ነው። እሳቸው የተማሩት በሩሲያ ዜኒት ካሜራ፣ 36 ፎቶ በሚይዝ ፊልም ነው። ዜኒቷ ያሏት የሻተር ፍጥነቶች 30፣ 60፣ 125፣ 250 እና 500 ናቸው (30 ማለት የሴኮንድ አንድ ሠላሳኛ ነው)፤ ፍላሽ የምትቀበለው በ30 ብቻ። ሻተሩ ሁለት መጋረጃ ነው፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ሁለተኛው መጋረጃ መጀመሪያው ሳይጨርስ ይከተለዋል፤ ፍላሹ ሲበራ ከፊሉ ተሸፍኗል ማለት ነው። ውድ ፍላሽ ከካሜራው ጋር ተነጋግሮ ፍጥነቱን ይገድበዋል፤ የእኔው አይነጋገርም። «ለዚህ ካሜራ የተፈቀደው 200 ነው» አሉ የኔን እያገላበጡ። «እኛ በ30 ስንት ሙሽራ ድረናል፤ አንተ 200 ተሰጥቶህ 500 ትላለህ።»

እሁድ አሥር ሰዓት ሱሉልታ ደረስን። ጋሼ ካሜራ አላወጡም። ግቢውን ዞሩ፣ ከጓሮ ደረሱ፣ በየመስኮቱ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን እያዩ ይመለሳሉ። እጃቸው ላይ ጥላው የት እንደሚጀምርና እንዴት እንደሚያልቅ ነው የሚያዩት። እኔም እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው የማደርገው፤ ሰው እብድ ይለኛል። ከዚያ አንድ የቆየ የጭቃ ቤት በር ላይ ቆሙ። በሩ ወደ ሰፊው ሰማይ ያያል፤ ፀሐይ ቀጥታ አይገባበትም፤ ውስጡ ጨለማ ነው።

ሙሽራዋን ከመድረኩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አቆሟት። ሁለት እርምጃ አይደለም፤ ሞክረነዋል፣ ብርሃኑ ወዲያው ይሞታል። ፊቷ በራ፤ ከኋላዋ ያለው ቁም ሳጥን፣ ጀሪካን፣ የተንጠለጠለ ካላንደር ሁሉ ጨለማው ዋጠው። የካባው ወርቅ ጥልፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከአገጯ ሥር ግን ጥላ ነበር።

አያቷ ደጃፉ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። የታጠበ ነጭ ነጠላ ለብሰዋል። ጋሼ አዩዋቸው።

«እማማ፣ እስቲ ትንሽ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ።»

እማማ ሰፌዱን አስቀምጠው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉ። «እዚህ?» «ትንሽ ደግሞ። ነጠላውን ዘርጋ ያድርጉት።» ዘረጉት። ከነጠላው የተመለሰው ብርሃን ከሙሽራዋ አገጭ ሥር ገባና ጥላውን አነሳው። ሽማግሌዎቹን ያጠቆረብኝ ያው ነጭ ጨርቅ ነው። እማማ ፎቶ የሚነሱ መስሏቸው ፈገግ ብለው ካሜራውን ያያሉ፤ ፎቶው ውስጥ ጫፋቸውም የለም። በኋላ ስላፈርን እሳቸውንም ብቻቸውን አነሳናቸው።

ጋሼ ካሜራውን ለእኔ ሰጡኝ። «50ውን ግጠም።» 700ዲ ላይ ይህ ሌንስ እንደ 80 ሚሊሜትር ነው የሚያየው፤ ፊት አያዛባም፣ ግን ወደ ኋላ ርቀህ ጭቃ ውስጥ ትቆማለህ። የሌንሱ ቀዳዳ እስከ 1.8 ስለሚከፈት እሱ ላይ ላነሳ ስል ጋሼ እጄን ያዙ፤ ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚታየው ቦታ ይጠብባል። «አንዱን ዓይን ይዘህ ሌላውን ልትጥል ነው?» ቀዳዳውን 2.8፣ ሻተሩን 1/160፣ አይኤስኦውን (የካሜራውን ለብርሃን ንቃት) 800 አድርጌ አነሳሁ። ወደ ፎቶ ቤት ተመልሰን አሳድገን ስናየው የሙሽራዋ ዓይን ውስጥ አንድ ትንሽ ነጭ አራት ማዕዘን አለ። በሩ ነው። ከሥሩ ያለችው ሌላ ነጭ ነጥብ ደግሞ የእማማ ነጠላ።

ጨርሰን ሜዳው ላይ ለመውጣት ስንሞክር ጋሼ ይሮጣሉ ማለት ይቻላል። ቪዲዮዎቹ «ወርቃማ ሰዓት» የሚሉት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለው ብርሃን፣ እኛ ዘንድ ሰዓት አይሞላም፤ ፀሐይ ወደ አግድም ሳትንሸራተት ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ግማሽ ሰዓት ካገኘህ ተመስገን ነው። እኛ ሙሽራውን ስልክ ሲያወራ ጠብቀን ሩቡን አባከንን፤ ሦስት ፎቶ ብቻ አተረፍን።

በዚያ አንድ ወር ሌላ ነገር አልነበረኝምና እናቴን፣ ጎረቤቱን፣ ባለሱቁን በየበራቸው አነሳሁ። ዕቃ ስለ መግዛት የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ፤ ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ከኋላ በኩል ተመልከቱ፣ ክረምት ያሳለፈ ሌንስ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል። ከዚያ ሌላ 50 ሚሊሜትርና በር ይበቃል እላቸዋለሁ፤ አያምኑኝም። እኔም አላምንም ነበር። አዳራሽ ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይዋልላል፤ ፎቶው ላይ ሸንተረር ካያችሁ ካሜራው አልተበላሸም፣ ሻተሩን 1/100 ወይም 1/50 አድርጉት።

ወሩ ሲያልቅ ጋሼ ፍላሹን መለሱልኝ። ጭንቅላቱ ላይ የአዲስ ሸሚዝ ማጠፊያ ነጭ ካርቶን በላስቲክ አስረውበታል። «ጣሪያህን ይዘህ ሂድ» አሉኝ። ወደ ላይ ቢያይም ወደ ሰው የሚመለሰው ከካርቶኑ ነጭ ነው፤ ትንሽ ነው ግን ቀለሙ አይከዳም። ድንኳኑ በራሱ የሚያወርደውን ሰማያዊ ግን ካርቶን አያስቀረውም። ስለዚህ ዋናውን ፎቶ ድንኳን ውስጥ አላነሳም፤ ሙሽሮቹን ወደ ክፍቱ በኩል አወጣቸዋለሁ።

ባለፈው ጥር ሰበታ አካባቢ ሰርግ ነበረኝ። ገብቼ ቦርሳዬን ሳልፈታ አንገቴን ቀና አድርጌ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ፤ ቢጫና ቀይ ነው። የሙሽራው አጎት ጠላ ይዘው መጡና አጠገቤ ቆመው እሳቸውም ቀና አሉ።

«ምን አየህ ልጄ? ያፈሳል እንዴ?»

«ቀለሙን ነው አባባ።»

እንደገና ቀና አሉ። «ነጩ አልቋል ብለውን እኮ ነው» አሉኝ፤ «ለነጩ ደግሞ ሌላ ዋጋ ጠሩብን።»