ደረቁ መገጣጠሚያ፦ የጄኔሬተር ጥገና ልምምዴ ከ4ኛ እስከ 7ኛ ሳምንት

ባለፈው ስጽፍላችሁ ባለሦስት ሲሊንደሩ ጄኔሬተር ሥር ካርቶን አንጥፌ የሚንጠባጠበውን ናፍጣ እየጠበቅኩ ነበር። በሽታው ሁለት ነው፤ ናፍጣ ያፈሳል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ አልነሳም ይላል። እኔም ሁለቱን አንድ አድርጌ «የሚያፈሰውን ከደፈንኩ ይነሳል» ብዬ ገባሁበት። ሦስት ሳምንት የበላብኝ ይኸው ግምት ነው።

መጀመሪያ ስለሚያፈሰው ልንገራችሁ። ጠብታው የሚወርደው ከኢንጀክሽን ፖምፓው (ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ ከሚልከው) ጥግ ስለሆነ ፖምፓውን ጠረጠርኩ፤ ቁልፍ አንስቼ ልፈታው ምንም አልቀረኝም ነበር። ደግነቱ እጄን ሰብሰብ አድርጌ ዳይናሞውንና የኤሌክትሪክ ሳጥኑን በላስቲክ ሸፈንኩና ሞተሩን በብሩሽና በሳሙና ውኃ አጠብኩት። በደንብ ከደረቀ በኋላ የጠመኔ ዱቄት ነሰነስኩበት። (አየር ወደሚስብበት በኩል እንዳትነሰንሱ፣ ሞተሩ ይስበዋል።) አስር ደቂቃ ሲሠራ ነጩ ላይ ጠቆር ያለ እርጥብ መስመር ወጣ። መስመሩን በዓይኔ ወደ ላይ ስከተለው ፖምፓውን አልፎ ሄደ፤ የተነሣው ከሁለተኛው ኢንጀክተር (ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው) ራስ ላይ ነው። ኢንጀክተሮቹ የተረፋቸውን ናፍጣ ወደ ታንከር የሚመልሱባት ቀጭን ጎማ አለች፣ እሷ ናት። ግፊቷ ትንሽ ነው፣ ግን የሞተሩ ሙቀት ዓመት ሙሉ ሲጠብሳት ትደርቃለች። በጣቴ ጎንበስ ሳደርጋት ተንኮሻኮሸች። ሦስቱንም ቁራጭ ከመጨረሻው መድፈኛ ጋር ቀየርኩ፤ አንዷ ከደረቀች ሌሎቹም እድሜያቸው ያው ነው።

ከፊልትሮው (ከናፍጣ ማጣሪያው) ራስ ላይ ደግሞ ሌላ እርጥበት ቀረ። እዚህ ላይ ያጠፋሁትን ልናገር። ናፍጣ አስገቢውን ቡሎን ስፈታ ከላይና ከታች ያሉትን የመዳብ ሮንዴላዎች (ቀለበቶች) መልሼ አሰርኳቸው። ላበ። አጠበቅኩት፣ አሁንም ላበ። ደግሜ ሳጠብቅ ቡሎኑ እጄ ላይ ለስለስ አለብኝ። የፊልትሮው ራስ አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ ሊበላ ነበር! ያን ቀን እዚያው ቁልፉን አስቀምጬ ገባሁ። መዳብ አንዴ ከተጨፈለቀ ይጠነክራል፣ ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ሲታሰር ጉድጓዱን አይሞላም። አዲስ ማድረግ ነው፤ አዲስ ከሌለ አሮጌውን በእሳት እስኪቀላ አግሎ ማቀዝቀዝ ያለሰልሰዋል፣ ግን ቢያንስ ፊቱ ያልተቧጨረ መሆን አለበት። አዲሶቹን ሳስር ያለ ብዙ ጉልበት ደረቀ።

ካርቶኑ ንጹሕ ሆነ። ጠዋት ስሞክር ግን ሞተሩ እንደ ድሮው አልነሳም አለ።

እንግዲህ ቁጭ ብዬ ያየሁትን ጻፍኩ። ከቆመ ሩብ ሰዓት በኋላ ከሆነ ወዲያው ይነሳል፤ ካደረ ግን ስድስት ሰባት ጊዜ ቢዞርም አይነሳም። ሞተሪኖው (በባትሪ ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲያዞረው ከጭስ ማውጫው ምንም ጭስ የለም። ነጭ ጭስ ቢኖር ናፍጣው ሲሊንደር ደርሶ አልቀጣጠል ብሏል ማለት ነው፤ ያኔ ካንዴሌታ (ሲሊንደሩን ቀድሞ የሚያሞቀው) ወይም ኮምፕሬሽን (የአየሩ መጨመቅ) ይጠረጠራል። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም። በማግስቱ ሞተሪኖውን ሳልነካ ናፍጣ በእጅ የሚገፋበትን የእጅ ፓምፑን ሃያ ጊዜ ያህል ገፋሁ፣ መጀመሪያ ባዶ ባዶ ይላል፣ ኋላ እየጠነከረ መጣ። ቁልፉን ሳዞር ተነሳ። ስለዚህ ማታ ማታ ናፍጣው ወደ ኋላ ወደ ታንከሩ እየተመለሰ ነው፤ እንዲመለስ ደግሞ የሆነ ቦታ አየር መግባት አለበት።

እኔን ያሳተኝ እዚህ ጋ ነው። የዚህ ጄኔሬተር ታንከር ከታች፣ ከመቀመጫው ውስጥ ነው። ናፍጣውን ሽቅብ የምትስበው ትንሿ ፖምፓ ናት፣ ስለዚህ ከታንከሩ እስከ እሷ ያለው መስመር ውስጥ የሚሠራው መሳብ እንጂ መግፋት አይደለም። እዚያ ቀዳዳ ቢኖር ናፍጣ አይወጣም፣ አየር ይገባል። ቀዳዳው ደረቅ ነው፤ ጠመኔ አያሳየውም፣ ካርቶንም አይነግራችሁም።

በፖምፓዋና በፊልትሮው መካከል ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ አስገባሁ። (ለሙከራ ብቻ ነው፣ እንደዚህ ያለው ቱቦ ናፍጣ ሲነካው እየቆየ ይደርቃል።) ሞተሩ ሲሠራ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ አረፋዎች በሰልፍ ያልፋሉ። ዝም ብዬ አያቸው ነበር፣ እንዲህ ዓይነት ደስታ ማን ይረዳል! ቀጥሎ የፖምፓዋን መሳቢያ ከመስመሩ ነቅዬ፣ ንጹሕ ናፍጣ ካለበት ጄሪካን ውስጥ በአጭር ጎማ ከተትኩ። አረፋው ጠፋ። ፖምፓዋ ነጻ ወጣች፤ ጥፋቱ ከእሷ በፊት ነው። የቀረው ታንከሩ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ነበር፣ ፋሼታው (ጎማውን የሚያስረው ቀለበት) ጥብቅ፣ ዙሪያው አቧራ የለበሰ ደረቅ። ፈትቼ ጎማውን ስገለብጠው ከውስጥ በኩል ፋሼታው በነከሰበት ልክ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ሙሉውን ጎማ ቀየርኩ።

ከዚያ አየር ማስወጣት መጣ። ፊልትሮው ላይ ያለችውን የአየር ቡሎን ላላ አድርጌ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ በእጅ ፓምፑ ገፋሁ፣ አሰርኩ፣ ኢንጀክሽን ፖምፓው ላይም ደገምኩት። በመጨረሻ ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚገቡትን ቱቦዎች ዳዶዎች ግማሽ ዙር አላልቼ ሞተሪኖውን አዞርኩ። አደራ፣ ሞተሩ ሲዞር እዚያ አካባቢ ጣታችሁን አታስጠጉ። ግፊቱ ከ200 ባር በላይ ይደርሳል፣ ናፍጣው ቆዳ በስቶ ይገባል። የምትፈልጉት የሚረጭ ቀዳዳ ከሆነ በካርቶን ቁራጭ ፈልጉ። ቆዳችሁን ከወጋችሁ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢመስልም «ነገ ያየኛል» ሳትሉ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂዱ።

በመንገዴ ሌላም አገኘሁ። ሞተሪኖው ሲያዞር ባትሪው ላይ 10.6 ቮልት ነው፣ ሞተሪኖው ላይ ግን 8.9 ብቻ ይደርሳል። ቴስተሩን በባትሪው ኔጌቲቭና በሞተሩ አካል መካከል ሳደርግ 1.4 ቮልት እዚያው ሲጠፋ አየሁ። ገመዱ የታሰረው ቀለም ላይ ነበር፤ ብረቱ እስኪያበራ ፍቄ ሳስረው ወደ 0.2 ወረደ። የሞተሪኖው ድምፅ ራሱ ተለወጠ። በነገራችን ላይ ሞተሪኖን በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አታዙሩ፣ ካዞራችሁም ቢያንስ ደቂቃ ያህል አሳርፉት።

የሞተር ዘይቱንም ለክቼ አሸተትኩ። የመሳቢያዋ ፖምፓ ሽፋን ከተቀደደ ናፍጣው ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ልኩም ይጨምራል። የኔ ደህና ነው።

ዛሬ ጠዋት፣ 16 ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ በመጀመሪያው ሙከራ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ተነሳ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ግን ነጭ ጭስ ያወጣና አንድ ሲሊንደር የሚዘልል ይመስላል፣ ሲሞቅ ይተወዋል። ቅዳሜ ሦስቱን ካንዴሌታዎች በኦም እለካቸዋለሁ፤ አንዷ ከሌሎቹ ከተለየች እሷን ቀይሬ፣ ካልተለየች ኢንጀክተሮቹን አወጣለሁ።