አራት ነው ሁለት?

ደሴ፣ ሐሙስ ማታ

ስልኬ ዛሬ «ቦታ ሞልቷል» አለኝ። እውነቱን ነው። ለሬዚደንሲ (ሐኪም ስፔሻሊስት የሚሆንበት ሥልጠና) መግቢያ ፈተና ብዬ ከቴሌግራም ያወረድኳቸውን ፒዲኤፎች ብቻ ብቆጥራቸው 61 ሆኑ። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ያለፍኩት ሁለቱን ብቻ ነው።

ማውረድ ማንበብ ይመስላል። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ባወረድኩ ማታ እንቅልፌ ራሱ ይጣፍጠኛል።

ያባነነኝ ያለፈው ሳምንት የሆስፒታል ዲዩቲ (ተረኝነት) ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ እሳት ያቃጠለው ሰው ገባ። አደጋው የደረሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ከገጠር እስኪያወጡት፣ መኪና እስኪገኝ 6 ሰዓት አልፏል። ለተቃጠለ ሰው በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ (ፍሉድ) የሚያሰላውን ቀመር ደግሞ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። 4 ሚሊ ሊትር በክብደቱ፣ ከዚያ በተቃጠለው ቆዳ መቶኛ ይባዛል። 60 ኪሎ የሚመዝን፣ 30 በመቶው የተቃጠለ ሰው 7,200 ሚሊ ሊትር ይመጣለታል። ግማሹ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ይገባል።

ከመቼ የሚቆጠር 8 ሰዓት? በቃሌ የያዝኩት የቴሌግራም የድሮ ፈተና ጥያቄ መልሱ «ሆስፒታል ከደረሰበት» ይላል። በዚያው ሂሳብ ጠብታውን አሰላሁ። ሲኒየራችን ወረቀቱን አዩና «እሳቱ ካርድ እስኪያወጣ ጠበቀው እንዴ?» አሉኝ። የሚቆጠረው ከተቃጠለበት ሰዓት ነው። የቀረን 2 ሰዓት ነበር፤ እኔ 8 አድርጌዋለሁ።

ጠዋት እቤት ገብቼ መተኛት አቃተኝ። ጋቢዬን ተከናንቤ ፋይሎቹን ማገላበጥ ያዝኩ። ይባስ ብሎ 4 የሚለው ቁጥርም አከራካሪ ሆኖ አገኘሁት። ኤቲኤልኤስ የሚባለው የአደጋ ሕክምና ሥልጠና በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው 10ኛ እትሙ ለአዋቂ ሰው መነሻውን ወደ 2 አውርዶታል። ከልክ ያለፈ ፍሉድ ራሱ ስለሚጎዳ ነው። ከዚያ በኋላ የፍሉዱን መጠን የሚመራው የሽንቱ መጠን ነው፤ ለአዋቂ በሰዓት 0.5 ሚሊ ሊትር በኪሎ። ስልኬ ውስጥ ያሉት አሮጌ እትሞች ግን 4 ላይ እንደቆሙ ናቸው። 61 ፋይል ሰብስቤ፣ የትኛው መቼ እንደተጻፈ አንዴም አላየሁም።

ኮምቦልቻ የሚሠራው ጓደኛዬ «ሽዋርትዝን ሳትጨርስማ ለፈተና እንዳትቀመጥ» ይለኛል፤ ወፍራሙን የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ ማለቱ ነው። እሱ ምን አለበት፣ ሙቀቱ ላይ በቲሸርት ነው የሚያነበው። እኔ ሌላውን የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ፣ የእንግሊዞቹን ቤይሊ ኤንድ ላቭን መረጥኩ። ቋንቋው አይከብደኝም፣ በዲዩቲ መሀል ሁለት ገጽም ቢሆን ያስኬዳል። ደግሞ ዋርዳችን ያለው ሰው ሁሌ መጽሐፉን አይመስልም። ለትልቁ አንጀት መዘጋት እንግሊዞቹ ካንሰርን ያስቀድማሉ፤ እኛ ጋ የተጠማዘዘ ሲግሞይድ (የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል) ነው ደጋግሞ የሚመጣው። ስለዚህ በገጾቹ ዳር «እኛ ጋ» እያልኩ በእርሳስ እጽፋለሁ። የምፈልጋቸውን ምዕራፎች ፒያሳ ወርጄ አሳተምኳቸውና አስጠረዝኳቸው።

የድሮ ጥያቄዎችን አልተውኩም። የመልስ ቁልፋቸውን ብቻ አላምነውም። የተሳሳትኩትን ደብተር ላይ እጽፍና መልሱን ከመጽሐፉ ራሴ እፈልጋለሁ። ቀርፋፋ ሥራ ነው፤ ትናንት ማታ 12 ጥያቄ ብቻ ሠራሁ።

አሁን 57ቱን ፋይሎች አጠፋሁ። ሽዋርትዝን ግን አልጨከንኩበትም። ይቀመጥ።