አባቴን «አንተ» እለዋለሁ

ዛሬ የዳርሲን ደብዳቤ ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት። ከዚህ በፊት ሳነበው ኤልሳቤጥን ነበር የማየው። ዛሬ ራሴን አየሁበት። መጽሐፉን ጭኔ ላይ ደፍቼ ብዙ ቆየሁ።

መጽሐፉ የጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» ነው፤ ኩራትና ቅድመ ፍርድ እንደማለት። በፈረንጆች 1813 ለንደን ሲታተም የደራሲዋ ስም እንኳ አልተጻፈበትም ነበር። ዳርሲ በዓመት 10,000 ፓውንድ የሚገባለት ባለርስት ነው። ኤልሳቤጥ ቤኔት ከአምስት እህትማማቾች ሁለተኛዋ ናት። የአባቷ ርስት የሚተላለፈው ለወንድ ዘመድ ስለሆነ፣ አባቷ ያረፈ ቀን ቤቱም መሬቱም ከእጃቸው ይወጣል። ዳርሲ እወድሻለሁ ብሎ ይመጣና፣ በዚያው አፉ ከቤተሰብሽ ጋር መዛመድ ለኔ ዝቅ ማለት ነው ይላታል። እምቢ ትለዋለች። በማግስቱ ደብዳቤ ያስጨብጣታል። እናትሽና ታናናሽ እህቶችሽ፣ አንዳንዴም አባትሽ፣ ሥርዓት ይጎድላቸዋል ይላል ደብዳቤው። እሷንና ታላቅ እህቷን ብቻ ከዚያ ያወጣቸዋል።

ኤልሳቤጥን ያቃጠላት ነገሩ እውነት መሆኑ ነው። ቀድሞም በጭፈራው ምሽት እናቷ ጮክ ብላ የልጇን ትዳር እንዳለቀ ነገር ስታወራ፣ ያ የአባቷ ዘመድ ኮሊንስ ደግሞ አስተዋዋቂ ሳይኖረው ዳርሲ ፊት ሄዶ ሲቆም፣ እሷ በእፍረት ቀልጣለች። በነሱ ወግ ትውውቁን የሚጀምረው በማዕረግ የሚበልጠው ነው። አትሂድ ብትለውም አልሰማትም።

ያንን እፍረት አውቀዋለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ባለቤቴ ሽማግሌ የላከ ጊዜ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ከደጋ ወረዱ፣ በድሬዳዋ ሙቀት ነጭ ጋቢ ደርበው። አባቴ ጡረታ የወጣ ሸሚኖ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ምድር ባቡር ነው። ከሶማሌው፣ ከኦሮሞው፣ ከሐረሪው፣ ከዓረቡ ጋር አንድ ትሪ ከቦ የኖረ ሰው ነው። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ትልቁን ሽማግሌ በትከሻቸው አቅፎ፣ «ና ግባ አቦ! ምን ትቆማለህ? ተቀመጥ!» አላቸው።

ድሬን ለሚያውቅ ከዚህ የሞቀ አቀባበል የለም። እኛ ጋ አንቱታ ብርቅ ነው። ለጎረቤት አዛውንት፣ ለአስተማሪ፣ ከፊራ ገበያ ለምትሸጠው እናት፣ ለሁሉም አንተና አንቺ ነው። ከተማዋ ራሷ እንዲህ ያደረገችን ይመስለኛል። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ሁሉም ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረባት ስለሆነች፣ ማን ለማን አንቱ ይበል? በዚህ ማስታወሻ ላይ እንኳ አባቴን «አለ» ማለት ትቼ «አሉ» ብዬ ብጽፍ፣ የምጽፈው ስለ ሌላ ሰው ይመስለኛል።

ሽማግሌው ግን ፊታቸው ጠቆረ። ለሳቸው ሽማግሌ የመጣበትን ጉዳይ ሳይናገር አይቀመጥም። ቆመው የሚናገሩትን አዘጋጅተው፣ የልጁን ዘር በአባትም በእናትም የሚቆጥሩትን አሰናድተው ነው የመጡት። አባቴ አንዱንም አልጠየቃቸውም። ሦስቱንም እጃቸውን ይዞ አስቀመጣቸውና፣ «ልጁ ይወዳታል? እሷስ ትወደዋለች?» አለ። ከዚያ ሳምቡሳ እንዲመጣ ወደ ጓዳ ተጣራ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማታ እጮኛዬ ደወለ። «አባትሽ እኮ አጎቴን አንተ አሏቸው። ሽማግሌዎቹ ተቀይመዋል» አለኝ። በትህትና ነበር የነገረኝ። እኔ ምን መለስኩ? «አውቃለሁ፤ እኔም አፈርኩ። አባቴ ወግ አያውቅም» አልኩት።

መስኮቱ ክፍት ነበር። አባቴ ግቢው ውስጥ ፍራሹ ላይ ነበር። ይስማ አይስማ ጠይቄው አላውቅም። ጋብቻው ተፈጸመ፣ ሽማግሌዎቹም ታረቁ። ያ ቃል ግን እስከ ዛሬ እኔው ጋ አለ።

ኩራት ሲባል ድሮ አእምሮዬ ውስጥ የሚመጡት ፊታውራሪ መሸሻ ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያ ያወቅሁት በጆሮዬ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው አባቴ ማንም እንዲያወራ አይፈቅድም ነበር። ፊታውራሪ ለሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥን ባል ሲመርጡ ልጅቱ ቆማ ትቀራለች። ፊደል ሊያስተምራት የመጣው የድሃ ገበሬ ልጅ በዛብህ ሲወዳትም ነገሩ የቤቱ ሁሉ ውርደት ይሆናል። ያ ኩራት ከሩቅ ይታያል፤ በቅሎ ላይ ተቀምጦ፣ አሽከር አስከትሎ ነው የሚሄደው። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ታሪኩን ስናወራ ፊታውራሪን «አሉ» እንላለን፣ በዛብህን «አለ»። ገበሬዎቻቸው ተነሥተውባቸው ከተማረኩ በኋላም አንቱታው አልተነሣቸውም።

የኔ ኩራት ከዚያ ይብሳል እላለሁ፤ እፍረት መስሎ ነዋ የመጣው። ሰው ፊት ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው ኩራቱን ሌላው ያይለታል፣ ይመክረዋል። ጓዳ ሆኖ በአባቱ የሚያፍር ልጅን ግን ማን ይመክረዋል? ራሱን እንደ ትሑት፣ እንደ ሥርዓት አዋቂ ነው የሚቆጥረው። ኤልሳቤጥም ሌላውን ሁሉ በኩራቱ ስትታዘብ ከርማ፣ ደብዳቤውን ካነበበች በኋላ ነው እስከዚያች ሰዓት ራሷን እንደማታውቅ የገባት።

አንድ ቦታ ላይ ግን ከኤልሳቤጥ ጋር አልስማማም። የዳርሲ አክስት ሌዲ ካትሪን ቤቷ ድረስ መጥተው፣ የእህቴ ልጅ ለአንቺ አይሆንም፣ ለልጄ የታሰበ ነው እያሉ ሲያስፈራሯት፣ እሱ የጨዋ ልጅ ነው፣ እኔም የጨዋ ልጅ ነኝ፣ በዚህ እኩል ነን ትላለች። ድፍረቷን እወደዋለሁ። መልሱ ግን ያው በዘር ቆጠራ ነው። የአባቷ ወገን ባይረዳትስ ኖሮ ምን ልትል ነበር? አባቴ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሰዎች ሁሉ አብልጦ የሚወደው ጉዱ ካሣ ቢሆን ኖሮ ቆጠራውን ራሱን ነበር የሚጥለው። ለዚያም ነው እብድ ያሉት።

ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። መጽሐፉን ለአባቴ በቃሌ በአማርኛ ስነግረው፣ ኤልሳቤጥ ዳርሲን ምን ትበለው? በእንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ነው፤ ርቀቱን የሚሸከመው «ሚስተር» የሚለው ነው፤ እናቷ እንኳ የገዛ ባሏን «ሚስተር ቤኔት» ነው የምትለው። በአማርኛ ግን መምረጥ ግድ ነው። እምቢ የምትለው ዕለት «እርስዎ» ትበለው፣ ወይስ በንዴት «አንተ»? እኔ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ እርስዎ አስባልኳት። አባቴ አልወደደውም። «እንዲህ እየተባባሉ እንዴት ይዋደዳሉ?» አለኝ።

ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው የዓሣውን ቦታ ነው። የኤልሳቤጥ አጎት ጋርዲነር ለንደን ውስጥ ነጋዴ ናቸው፤ ዳርሲ ያፍርባቸው የነበሩት ዓይነት ዘመድ። ዳርሲ ግን ርስቱ ላይ ድንገት ሲያገኛቸው በክብር ያነጋግራቸዋል፣ መጥተው ከወንዙ ዓሣ እንዲያጠምዱም ይጋብዛቸዋል፣ ዘንጉንም አበድርዎታለሁ ይላል። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣውም። ባለቤቴ አባቴን አሁንም አንቱ ይለዋል፤ አስተዳደጉ ነው። ግን ጠዋት ጠዋት ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር አብረው ይሄዳሉ፣ አባቴ ስለ ባቡር ያወራለታል፣ እሱ ይሰማል። አንድ ቀን አባቴ፣ «አንቱ ስትለኝ የራቅከኝ ይመስለኛል» ሲለው ሰምቻለሁ። ባለቤቴ እጁን ያዘው እንጂ አልመለሰለትም።

ዛሬ ማታ ግቢ ፍራሽ አውጥተን ደብዳቤው ላይ ደረስን። ስለ እናቷ፣ ስለ እህቶቿ የሚለውን ነገርኩት። ስለ አባቷ የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ተያዘ፤ ግን አልዘለልኩትም።

አባቴ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ፣ «ልጅቱ ለአባቷ ነገረችው?» አለኝ።

«አልነገረችውም» አልኩት።

«አባት አይደል፣» አለ፣ «አውቆታል።»

ሻዬ በርዶ ነበር። ተቀበለኝና ከራሱ ትኩሱን ጨመረልኝ።